ሜትሩን መሬት ላይ ለጥፉት፦ የሰውነትን መተጣጠፍ በቤት ውስጥ ስለ መለካትና ስለ ማሻሻል

በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ በእድራችን አዳራሽ፣ እሑድ ጠዋት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በተናጋሪው ተስተካክሎ የተጻፈ።

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንዲሁም ከኋላ የተቀመጣችሁ ወጣቶች፣ እንደምን አደራችሁ።

የእድሩ ሰብሳቢ "አንተ የስፖርት መምህር ነህና ስለ ጤና አንድ ነገር ንገረን" ባሉኝ ጊዜ ስለ ደም ግፊትና ስለ ስኳር ለመናገር አስቤ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ በዚያው ሳምንት ከመገናኛ ስመለስ የገጠመኝ ነገር ነው። በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ላይ አራት ሆነን ተጣበን፣ ጉልበታችን ከፊታችን ካለው ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ በመንገዱ መጨናነቅ ምክንያት አንድ ሰዓት ያህል ከቆየን በኋላ ስንወርድ አራታችንም እጃችንን ወገባችን ላይ አድርገን ቀና ለማለት እንታገል ነበር። ከመካከላችን በዕድሜ ትልቁ ከ45 ዓመት የሚበልጥ አይመስለኝም። አንዱ "ሰውነቴ ደርቋል" አለ፤ ሌላው "የኔማ ጅማቱ ሁሉ ተሳስሯል" ሲል መለሰለት፤ ረዳቱ ደግሞ "ቶሎ ቶሎ ውረዱ እንጂ!" እያለ ያጣድፈናል።

በትምህርት ቤትም ቢሆን ከወላጆችም ከባልደረቦቼም "ደረቅሁ" የሚለውን ቃል ሳልሰማ የማሳልፈው ሳምንት የለም። ነገር ግን የትኛው መገጣጠሚያ ነው የደረቀው፣ ቀኙ ነው ወይስ ግራው፣ በስንትስ ሴንቲ ሜትር ብዬ ስጠይቅ መልስ የሚሰጠኝ አላገኘሁም። መድረቅ ለመላው ሰውነት በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፍርድ አይደለም። ትከሻው እስክስታ ሲመታ እንደ ልብ የሚታዘዝለት ሰው ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ ሊለው ይችላል፤ የቀኝ ዳሌው የሚፈታ ሰው ግራው ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ሰው ሰውነቱን ማሳሳብ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ቦታ እንዳጠረው በሜትር ቢያውቅ ድካሙ ከግማሽ በላይ ይቀንስለታል ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈልገው መሣሪያም ይኸውላችሁ፤ ልብስ ሰፊ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባለ 150 ሴንቲ ሜትር ሜትር ነው።

አንድ መገጣጠሚያ እስከ የት ድረስ እንደሚታጠፍ የሚወስኑት ነገሮች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው የአጥንቱ ቅርጽ ነው፤ የዳሌ ጎድጓዳው ጥልቅ ሆኖ የተፈጠረ ሰው በማሳሳብ ጎድጓዳውን ሊለውጠው አይችልም። ቀጥሎ መገጣጠሚያውን የሚሸፍነው ከረጢትና ጅማቱ ይመጣሉ፤ ከዚያም ጡንቻው። በመጨረሻ ብዙዎቻችን የማናስበው የነርቭ ሥርዓት አለ፤ ጡንቻው ገና ቦታ እያለው "በቃ፣ ከዚህ አትለፍ" ብሎ የሚያስቆም እርሱ ነው። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እመለሳለሁ።

አብዛኛው ሰው መተጣጠፉን የሚፈትነው ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣት በመንካት ነው። የዚህ ፈተና ተቀምጦ የሚሠራው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1952 ካትሪን ዌልስና ኤቭሊን ዲሎን በተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የቀረበ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በየአገሩ ትምህርት ቤቶች ይሠራበታል፤ እኔም ተማሪዎቼን በእርሱ ፈትኛለሁ። ችግሩ ፈተናው ይለካል ብለን የምናስበውና በእርግጥ የሚለካው የተለያዩ መሆናቸው ነው። ውጤቱ ከጭን ኋላ ጡንቻ ጋር መጠነኛ ዝምድና ሲኖረው ከወገብ ጋር ያለው ዝምድና ግን ደካማ ነው። ከዚህም በላይ እግሩ ረጅም፣ ክንዱ አጭር የሆነ ሰው ጡንቻው የቱንም ያህል ቢሳሳብ በዚህ ፈተና ይጎዳል።

ይህን የምናገረው በራሴ ደርሶብኝ ነው። በወጣትነቴ እሄድበት በነበረ አንድ ጂም ውስጥ ጣቶቼን መንካት ባለመቻሌ አፍር ነበር። አሠልጣኙ "ወገብህ ደርቋል" ብሎ በየቀኑ ጀርባዬን በሁለት እጁ ወደ ታች ይጫነው ጀመር። አንድ ቀን ከመቀመጫዬ በታች፣ ከጭኔ ኋላ፣ ገመድ እንደሚበጠስ ያለ ስሜት ተሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ወር ያህል አነከስኩ፤ ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ እንኳ በአንድ ጎኔ ነበር። ከዓመታት በኋላ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ ለየብቻው ስለካ ወገቤም ጭኔም ደህና ሆነው ተገኙ። ያጠረኝ ቁርጭምጭሚቴ ነበር፤ እርሱን ደግሞ ማንም ነክቶት አያውቅም።

ስለዚህ ከቁርጭምጭሚት እጀምራለሁ፤ ረዘም አድርጌም አቆይባችኋለሁ፤ ምክንያቱም ደረጃ የሚወርድ፣ ቁጢጥ የሚል፣ በርጩማ ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ የሚኖረው በእርሱ ላይ ነው። ሜትሩን ዜሮው ግድግዳው ሥር እንዲሆን አድርጋችሁ መሬት ላይ በፕላስተር ለጥፉት። ጫማና ካልሲ አውልቁ። የአውራ ጣታችሁን ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ላይ አድርጉና ተረከዛችሁን ሳታነሡ ጉልበታችሁን ወደ ፊት ገፍታችሁ ግድግዳውን አስነኩ። ከነካ እግራችሁን አንድ ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሳቡና ድገሙት። ተረከዝ ሳይነሣ ጉልበት ለመጨረሻ ጊዜ ግድግዳ የነካበት ርቀት የእናንተ ቁጥር ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ያህል የቁርጭምጭሚት መታጠፍን ይወክላል፤ ወደ 10 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ ሰው ለዕለት ተዕለት ኑሮው የሚበቃ አለው ማለት ይቻላል። በሁለቱ እግሮች መካከል 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት ከታየ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የተረሳ ወለምታ ይገኛል።

እዚህ ላይ ሰው ሳያውቅ ራሱን የሚያታልልባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው ተረከዝን ለዓይን በማይታይ መጠን ማንሣት ነው፤ መድኃኒቱ ተረከዙ ሥር ቁራጭ ወረቀት አስቀምጦ ልጅን "ሳበው" ማለት ነው፤ ወረቀቱ ከወጣ ልኬቱ ውድቅ ነው። ልጆች ይህን ሥራ በጣም ይወዱታል፤ አባታቸውን የሚይዙበት ዕድል ስለሚያገኙ ይመስለኛል። ሁለተኛው ጉልበትን ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው፤ ያን ጊዜ የእግር መዳፍ ይደፋና የውሸት አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ይጨመራል። ጉልበቱ ከሁለተኛው ጣት ትይዩ መሄድ አለበት።

የሚሰማችሁም ስሜት ከቁጥሩ እኩል ይነግራችኋል። ሲጎትታችሁ የሚሰማው ከኋላ፣ ባታችሁ ላይ ከሆነ ያጠረው ጡንቻው ነው፤ ማሳሳብም ይረዳዋል። ከፊት፣ ቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያ ላይ ቆንጠጥ ካደረጋችሁ ግን ያገደው ራሱ መገጣጠሚያው ሊሆን ስለሚችል ባታችሁን ዓመቱን ሙሉ ብትስቡት ለውጥ ላታገኙ ትችላላችሁ፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እንዲያየው አድርጉ።

ለጭን ኋላ ጡንቻ የምመርጠው ፈተና የበር ላይ ፈተና ነው። በመኝታ ቤታችሁ በር መካከል በጀርባችሁ ተኙ፤ አንዱ እግር በበሩ አልፎ መሬት ላይ ይዘርጋ፤ ሌላው ተረከዙን የበሩ መቃን ላይ አሳርፎ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጉልበታችሁ ሳይታጠፍ፣ መቀመጫችሁም ከመሬት ሳይነሣ እስከምትችሉት ድረስ ወደ መቃኑ ተጠጉና በመቀመጫችሁና በመቃኑ መካከል የቀረውን ርቀት ለኩ። ርቀቱ ባነሰ መጠን ጡንቻው ረዝሟል ማለት ነው። በዚህ ፈተና የክንድ እጥረት አይቆጠርባችሁም።

መሬት ላይ መተኛት ለሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ደግሞ በወንበር የሚሠራ አለ፤ ሪክሊና ጆንስ የተባሉ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች ካዘጋጁት የፈተና ስብስብ የተወሰደ ነው። ወንበሩን ግድግዳ አስደግፎ ጫፉ ላይ መቀመጥ፣ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ ተረከዙን መሬት ማስነካት፣ ሁለቱን መዳፎች ደራርቦ ወደ እግር ጣት መዘርጋት ነው። ጣት ላይ ካልተደረሰ የቀረው በመቀነስ ምልክት፣ ካለፈ ያለፈው በመደመር ምልክት ይጻፋል። ለትከሻም ከዚሁ ስብስብ የመጣ ፈተና አለ፦ አንዱ እጅ በትከሻ በላይ፣ ሌላው በወገብ በኩል ጀርባ ላይ ተገናኝተው በመካከለኛ ጣቶቹ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ነጠላ ወደ ኋላ መጣል ያቃታት ሴት ይህን ፈተና ሳትለካው ታውቀዋለች።

የዳሌ ፊት ጡንቻ ቁጭ ብለን በምንውልበት ኑሮ ከሁሉ በላይ የሚያጥር ቢሆንም አለካኩ ቀላል ነው። አልጋ ጫፍ ላይ በጀርባ ተኝቶ አንዱን ጉልበት ደረት ላይ ማቀፍ ነው፤ የሚንጠለጠለው ጭን ከአልጋው ደረጃ ከፍ ብሎ ከቀረ ጡንቻው አጥሯል። ፈተናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በነበረው በእንግሊዝ አገር ቀዶ ሐኪም በሂው ኦወን ቶማስ ስም ይጠራል።

ስለ ወገብ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ከወገባችን ግርጌ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ጎድጓዶች አሉ። ረዳታችሁ እነርሱን በሚያገናኘው መስመር መካከል በስክሪብቶ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ምልክት ይጨምር። ጎንበስ ስትሉ ያ 15 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ ወደ 20 መርዘም ይጠበቅበታል። አንድ ወጣት ይህ ልኬት በጣም ካነሰበት፣ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ወገቡ ከያዘው፣ ሲንቀሳቀስ ከተሻለው፣ ይህም ከሦስት ወር ካለፈ፣ ነገሩ የስፖርት ጉዳይ ላይሆን ይችላልና ሐኪም ዘንድ ይሂድ።

ልኬቱን መቼ እንለካ የሚለው ቀላል ጥያቄ አይምሰላችሁ። ሌሊት ስንተኛ በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ዲስኮች ውኃ መጥጠው ያብጣሉ፤ ሰው ጠዋት ከማታው አንድ ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ የሚረዝመው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ከአልጋ እንደ ተነሣን ጎንበስ ማለት ይከብደናል፤ ከዲስክ ሕመም አንጻርም አይመከርም። የእኛ ሰፈር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለ በመሆኑ የታኅሣሥ ጠዋት ብርዱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፤ የቀዘቀዘ ጡንቻ ደግሞ ይበልጥ ይገትራል። እኔ ከሥራ መልስ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣ አምስት ደቂቃ ቤት ውስጥ ተንቀሳቅሼ እለካለሁ። ሦስት ጊዜ ሞክሬ የተሻለውን ወጥ ቤት በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ እጽፈዋለሁ፤ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ የሚለካ ሰው የሚያየው የመለኪያ ስሕተት ነው፤ የአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ዝቅ ደስታም ሐዘንም አይገባውም።

አሁን ወደ ማሻሻሉ ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1994 ባንዲ እና አይሪዮን የተባሉ ተመራማሪዎች የጭን ኋላ ጡንቻቸው ያጠረ ሰዎችን በሳምንት አምስት ቀን ለስድስት ሳምንታት አሳስበው ነበር። 30 ሴኮንድ የያዙት 15 ሴኮንድ ከያዙት ሲበልጡ፣ 60 ሴኮንድ የያዙት ግን ከ30ዎቹ የተለየ ጥቅም አላገኙም። እንግዲህ ለአንድ ጡንቻ 30 ሴኮንድ፣ ሁለት ጊዜ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው፤ ቡና እስኪፈላ ይጠናቀቃል። ዕድሜው የገፋ ሰው እስከ አንድ ደቂቃ ቢይዝ መልካም ነው። ለጭን ኋላ የምትጠቀሙበትን ገመድ ለመግዛት አትቸገሩ፤ የእናቶቻችን መቀነት ከማንኛውም የጂም ገመድ ይሻላል። በጀርባ ተኝቶ መቀነቱን የእግር መዳፍ ላይ ጠምዝዞ፣ ጉልበትን ቀጥ አድርጎ፣ ትንፋሽን ሳይዙ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ስትስቡ እግራችሁን ወደ መቀነቱ ለአምስት ሴኮንድ ገፍታችሁ፣ ፈትታችሁ፣ እንደገና ብትስቡ ጥቂት ትጨምራላችሁ።

ስለ ነርቭ ሥርዓቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ዌፕለርና ማግኑሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የቀደሙ ጥናቶችን መርምረው የደረሱበት ነገር ብዙዎችን አስገርሟል፤ በጥቂት ሳምንታት ማሳሳብ የሚገኘው ጭማሪ በአብዛኛው የሚመጣው ጡንቻው በመርዘሙ ሳይሆን ሰውየው መጎተቱን የመቻል አቅሙ በመጨመሩ ነው። ይህ ከሆነ ጉልበት መጠቀም፣ መንጠር፣ ሰውን ከኋላ ማስጫን የነርቭ ሥርዓቱን ይበልጥ ያስፈራው እንደሆን እንጂ አያግባባውም። የእኔም አሠልጣኝ የሳተው እዚህ ላይ ነበር።

ይህን ነገር በዓይኔ ያሳዩኝ ከእኛ በታች ያሉ ጎረቤቴ ናቸው። ዕድሜያቸው ወደ 70 ተጠግቷል። በቀን በግዴታው ሶላት ብቻ 17 ረከዓ ይሰግዳሉ፤ ይህም 34 ጊዜ ግንባርን መሬት ማስነካት ነው። ቡና ሲያፈሉ ዝቅተኛው በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ተረከዛቸው መሬት እንደ ነካ፣ ወደ ከሰሉ ጎንበስ ብለው ያራግባሉ፤ ከዚያ እጃቸውን የትም ሳያስደግፉ ይነሣሉ። እኔ ከጎናቸው ባለው በርጩማ ላይ ስቀመጥ ተረከዜ ስለሚነሣ ስኒውን በአንድ እጄ፣ ግድግዳውን በሌላው እይዛለሁ። "ምነው ልጄ፣ ወንበር ላምጣልህ?" ብለውኛል፤ የተናገሩት በቅንነት ስለ ነበር ይበልጥ አሳፈረኝ። እርሳቸው ስትሬቺንግ የሚባል ነገር ሠርተው አያውቁም፤ ነገር ግን ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚታቸው ከልጅነታቸው ጀምሮ በየቀኑ ሙሉ መንገዳቸውን ሲሄዱ ኖረዋል። እኛ ደግሞ መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት፣ ሶፋ እና የሚኒባስ ወንበር ተቀራምተውናል። በተቃራኒው ዓመቱን ሙሉ ሳይሰግድ ከርሞ በሰሞነ ሕማማት በአንድ ቀን ብዙ መቶ ጊዜ ለሚሰግድ ወንድሜ የምመክረው በዐቢይ ጾም መጀመሪያ በትንሽ በትንሹ እንዲጀምር ነው፤ የጉልበት ሕመሙን ምክንያት ስግደቱ ላይ አያሳብብ።

ማሳሳብ ብቻውን ግን የተገኘውን ቦታ አያጸናም። ጡንቻን በሙሉ ርዝመቱ እያሠሩ ማጠንከር መተጣጠፍን ከማሳሳብ ባልተናነሰ እንደሚጨምር በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች አሳይተዋል፤ አዲስ የተገኘውን ቦታ የሚቆጣጠር ኃይልም ይሰጣል። ለዚህ ከኮንዶሚኒየም የተሻለ ቦታ የለም። ደረጃው ጠርዝ ላይ በእግር ጣት መዳፍ ቁሙ፤ መደገፊያውን ያዙ፤ ተረከዛችሁን በሦስት ሴኮንድ ቀስ ብላችሁ ከጠርዙ በታች አውርዱ፤ ከዚያ ውጡ። አሥር ጊዜ በቀጥታ ጉልበት፣ አሥር ጊዜ ጉልበትን በመጠኑ አጥፋችሁ ሥሩ፤ ባት ውስጥ ያሉት ሁለት ጡንቻዎች የተለያዩ ስለሆኑ፣ በግድግዳው ፈተናም የሚለካው በአብዛኛው በታጠፈ ጉልበት የሚሠራው ስለሆነ ሁለተኛው እንዳይቀር። ለጭን ኋላ ደግሞ ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን ከየቤቱ የማይጠፋውን ባለ 5 ሊትር ጀሪካን አንሡ፤ 5 ኪሎ ማለት ነው። ጉልበትን በጥቂቱ አላልቶ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ እየገፉ ጀሪካኑን በጭን ፊት ቀስ እያሉ ማውረድና መመለስ ነው፤ ስምንት ወይም አሥር ጊዜ። የእኔ ቀኝ ቁርጭምጭሚት በዚህ መንገድ በአራት ወር ከ4 ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። ግራው 7 ላይ ቆሟል፤ አልታገለውም፤ ተረከዜን መሬት አስነክቼ በርጩማ ላይ ለመቀመጥ በቅቶኛል።

ሁሉም ሰው ይጨምር አላልኩም። እንጦጦና ሱሉልታ ላይ የሚሮጡት አትሌቶቻችን የተረከዝ ጅማታቸው እንደ ሞላ ተገትሮ የሚመልስላቸው ኃይል ሀብታቸው ነው፤ ለሯጭ ከመጠን ያለፈ መላላት ጥቅም አይሰጥም። ከሩጫ በፊትም አንድን ጡንቻ ከአንድ ደቂቃ በላይ መያዝ ኃይሉን ለጊዜው በጥቂቱ ስለሚቀንስ ረጅሙን ማሳሳብ ለሌላ ሰዓት ማቆየት ይሻላል። አውራ ጣቱ ክንዱን የሚነካለት፣ ክርኑና ጉልበቱ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት፣ ጉልበቱን ሳያጥፍ መዳፉን መሬት ላይ የሚያነጥፍ ሰው ተፈጥሮው የላላ ነውና የሚያስፈልገው ማጠንከር ነው። እግር ላይ የሚወርድ መደንዘዝ ወይም እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ያለበት፣ የአጥንት መሳሳት የተነገረው፣ ዳሌው ወይም ጉልበቱ የተቀየረለት ሰው ከሐኪሙ ሳይነጋገር አይጀምር። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማስጎተትም ለእንዲህ ያለው ሰው አይሆንም።

ከንግግሩ መካከል ከፊት የተቀመጡ አንድ እናት "ልጄ፣ እኔ ቀኜ ይታጠፋል፣ ግራዬ እንቢ ይላል፤ ዕድሜ ነው አሉኝ" ብለውኝ ነበር። እማማ፣ ሁለቱ እግሮችዎ እኩል ዕድሜ አላቸው፤ ስለዚህ ዕድሜ ብቻ ሊሆን አይችልምና እንለካዎታለን። በስተግራ በኩል፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሁለት ሜትሮች መሬት ላይ ለጥፌአለሁ፤ ቁራጭ ወረቀትና ስክሪብቶም አለ። ጫማችሁን በሩ ጋ አውልቃችሁ በየተራ ኑ፤ ወረቀት የሚስቡት ልጆች ቦታቸውን ይዘዋል። እማማ ይቅደሙ፤ ግራውን መጀመሪያ።